ሁለገብ ሲባል፦ የስኮት ማክቶሚኔይ ቦታና ሚና

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2024፣ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ስኮት ማክቶሚኔይን በ30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለጣሊያኑ ክለብ ናፖሊ ሸጠ። ዜናው ብዙ ሰው አላስደነገጠም። ተጫዋቹ 27 ዓመቱ ነበር፤ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ለክለቡ የሚለፋ ልጅ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ ይህ ቦታ የእርሱ ነው የሚባልለት ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ናፖሊ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፣ ይኸው ሰውም የሴሪ አ የውድድር ዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። እግሩ ያው እግር፣ ቁመቱም ያው ቁመት ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

በየዲኤስቲቪ ቤቱ የእንግሊዝን ኳስ እየተከታተለ ያደገ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የየራሱ መልስ አለው። አንዱ ዩናይትድ ተጫዋች ያበላሻል ይላል፤ ሌላው የጣሊያን ሊግ ከእንግሊዙ ይቀላል ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም መልሶች አያጠግቡም፤ ምክንያቱም ማክቶሚኔይ በዩናይትድ በነበረበት በመጨረሻው ዓመት ጭምር ግብ ያስቆጥር ነበር፣ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ እስፔንን የመሰለ ቡድን ላይ ሁለት ግብ አስቆጥሯል። ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ስለዚህ ሰው ሲነገር ዘወትር የሚሰማውን አንድ ቃል መፈተሽ ያስፈልጋል። ቃሉ «ሁለገብ» የሚለው ነው።

በእግር ኳስ ሁለገብ የሚባለው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ተሰልፎ መጫወት የሚችል ነው። ይህ ትርጉም ትክክል ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል፤ እነርሱም ቦታና ሚና ናቸው። ቦታ ማለት አሰላለፉ በወረቀት ላይ ሲጻፍ የተጫዋቹ ስም የሚያርፍበት ነጥብ ነው፦ የመሃል ተከላካይ፣ የግራ መስመር ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ። ሚና ማለት ደግሞ ተጫዋቹ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ በጨዋታው ውስጥ እንዲሠራው የሚጠበቅበት ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰልፈው ፈጽሞ የማይገናኝ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ አማካይ ከተከላካዮቹ እግር ሥር ኳስ ተቀብሎ ጨዋታውን የሚያደራጅ ይሆናል፤ ሌላው አማካይ ኳስ ብዙም ሳይነካ ሮጦ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ይሆናል። አሰላለፉ ላይ ሁለቱም «አማካይ» ተብለው ተጽፈዋል። ማክቶሚኔይ በሥራ ዘመኑ የተመደበባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ሚናው የተገኘለት ግን ዘግይቶ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ማክቶሚኔይ የተወለደው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንካስተር ከተማ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1996 ሲሆን፣ አባቱ ስኮትላንዳዊ ነው። ወደ ዩናይትድ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ የገባው በአምስት ዓመቱ ገደማ ነበር። ዛሬ ቁመቱ ከ1.90 ሜትር የሚበልጠውን ግዙፍ ሰው የሚያይ ተመልካች ላያምን ይችላል እንጂ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ ያነሰ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቁመቱ ተመዘዘ፤ ሰውነቱ እስኪለምደው ድረስም ከሜዳ የራቀባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህ ዝርዝር ተራ የሕይወት ታሪክ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለነገራችን ፍቺ አለው። አጭር ልጅ ሆኖ ያደገ አማካይ ከጉልበት ይልቅ በቦታ አያያዝና በጊዜ ምርጫ መኖርን ይማራል፤ በኋላ ቁመትና ጉልበት ሲጨመርለት ደግሞ አሠልጣኞች በመጀመሪያ የሚያዩት ቁመቱንና ጉልበቱን ይሆናል። ማክቶሚኔይ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። በተጠባባቂው ቡድን አንዳንድ ጊዜ በፊት አጥቂነት ይሰለፍ የነበረው ልጅ ወደ ዋናው ቡድን ሲያድግ፣ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ብቻ፣ ከተከላካዮች ፊት ቆሞ እንዲከላከል ተመደበ።

ዋናውን በር የከፈተለት የያኔው የዩናይትድ አሠልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ ነው። ሜይ 7 ቀን 2017 በአርሰናል ሜዳ ተቀይሮ ገባ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክሪስታል ፓላስ ጋር በቋሚነት ተሰለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሞሪንሆ ለዚህ ወጣት የሚሆን፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሽልማት ፈጥሮ «የአሠልጣኙ የዓመቱ ተጫዋች» ብሎ አከበረው። ሞሪንሆ የወደደለት ነገር ግልጽ ነበር፦ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ አያጉረመርምም፣ ተጋጣሚን ተከታተል ሲባል እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይከታተላል። ለአንድ ወጣት ይህ ትልቅ ምስጋና ነው፤ ነገር ግን ወጥመድም አለበት። ታዛዥ ተጫዋች ክፍተት በተገኘበት ሁሉ ይመደባል፤ ሌሎች በሚመቻቸው ቦታ ሲሰለፉ እርሱ የቀረውን ይይዛል።

ሞሪንሆን በተካው በኦሌ ጉናር ሶልሻየር ዘመን የቀረው ቦታ የተከላካይ አማካይነት ነበር። ማክቶሚኔይና ብራዚላዊው ፍሬድ ጎን ለጎን ስለሚሰለፉ ደጋፊው ሁለቱን ስሞች አጋጥሞ አንድ ስም አወጣላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስሙን የሚጠራው ለወቀሳ ነበር። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ መሠረት ግን ነበረው። ይህን ለመረዳት የተከላካይ አማካይ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ በቅርበት ማየት ይገባል። ይህ ተጫዋች ኳስን የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለተጋጣሚው ግብ ሰጥቶ ነው። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ግራና ቀኝ ትከሻውን ገልመጥ አድርጎ ማን ከኋላው እንዳለ ማወቅ፣ በአንድ ንክኪ መዞር፣ ወይም ደግሞ የሚጫነውን ሰው በሚያታልል አካሄድ ኳሱን ወደ ሌላው አቅጣጫ ማሳለፍ ይኖርበታል። በጨዋታ ውስጥ ይህን በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ያደርገዋል፤ አንዴ ከተሳሳተ ተጋጣሚው በቀጥታ ግቡ ፊት ነው። ማክቶሚኔይ ይህን ሥራ ይሠራው ነበር፤ የሚሠራው ግን ከራሱ ጋር እየታገለ ነው። ፊቱን ወደ ግብ ባዞረ ጊዜ፣ ሜዳው ከፊቱ ሲዘረጋ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። ጀርባውን ሲሰጥ ግን ኳሱን ወደ መጣበት መልሶ መስጠት ይቀናዋል፤ በዚህም የቡድኑ ጨዋታ ይቀዘቅዛል።

ምልክቱ ግን በዚያው ዘመን ታይቶ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 2020 ዩናይትድ ሊድስን በኦልድ ትራፎርድ 6 ለ 2 ባሸነፈበት ጨዋታ ማክቶሚኔይ በ2ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ሁለት ግብ ያገባ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆነ። በአሠልጣኝ ማርሴሎ ቢየልሳ የሚመራው ሊድስ ሰው በሰው የሚከታተል ቡድን ነበር። እያንዳንዱ ተከላካይ የተመደበለትን ሰው ተከትሎ ሲሄድ በመሃል ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ከኋላ ተንደርድሮ የሚመጣ አማካይ ደግሞ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ብቻውን ይደርሳል። ማክቶሚኔይ ሁለቱንም ጊዜ የደረሰው እንዲህ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማርች 8 ቀን 2020፣ በማንቸስተር ሲቲ ላይ በባከነ ሰዓት ከሩቅ መትቶ ያስቆጠራት ግብም አለች፤ የሲቲው ግብ ጠባቂ ኤደርሰን በእጁ የወረወረው ኳስ እግሩ ላይ ሲወድቅ ሳያቆመው ወደ ባዶው ግብ ሰደደው። እነዚህ ግቦች ያኔ የአጋጣሚ ውጤቶች ተደርገው ተወሰዱ። ይህን የምጽፈው እኔም እንደዚያ ነበር ያየኋቸው።

የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በ2018 መጀመሪያ ለእንግሊዝ ወይም ለስኮትላንድ ለመጫወት ሲመርጥ የአባቱን አገር መረጠ፣ በማርች ወርም ከኮስታሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ መጀመሪያ ተሰለፈ። ስኮትላንድ በዚያን ጊዜ እንግዳ የሆነ ችግር ነበረባት። በአገሪቱ ካሉ ተጫዋቾች ምርጥ ከሚባሉት ውስጥ ሁለቱ፣ አንዲ ሮበርትሰንና ኪራን ቲርኒ፣ ሁለቱም የግራ መስመር ተከላካዮች ናቸው። አማካይ ሞልቷል፦ ጆን ማክጊን፣ ካለም ማክግሬጎር፣ በኋላም ቢሊ ጊልሞር። የመሃል ተከላካይ ግን እጥረት አለ። አሠልጣኙ ስቲቭ ክላርክ መፍትሔ ያደረገው ሦስት የመሃል ተከላካዮችን ማሰለፍ ነው። ሮበርትሰን በግራ መስመር ወደፊት ይሄዳል፣ ቲርኒ ከሦስቱ የግራው ተከላካይ ይሆናል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ኳስ ይዞ መውጣት የሚችል፣ ሯጭና ረጅም ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ቦታ ማክቶሚኔይ ተጠራ።

እዚህ ላይ ክላርክን መውቀስ አይገባም። የአንድ ትንሽ አገር አሠልጣኝ ተጫዋች አይገዛም፤ ያለውን ሰው ነው የሚያሰፍረው። ውጤቱም ታየ። ኖቬምበር 12 ቀን 2020 በቤልግሬድ ከሰርቢያ ጋር በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ የማጣሪያ ፍጻሜ ማክቶሚኔይ ከሦስቱ ተከላካዮች የቀኙ፣ ቲርኒ የግራው ሆነው ተጫወቱ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ ማክቶሚኔይ ሦስተኛውን መትቶ አስገባ፣ ኬኒ ማክሊን አምስተኛውን አስገባ፣ ግብ ጠባቂው ዴቪድ ማርሻል የሚትሮቪችን ምት አዳነ፤ ስኮትላንድም ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንዶች ትልቅ ውድድር ላይ ለመሳተፍ በቃች። በሚቀጥለው በጋ በዌምብሌይ ከእንግሊዝ ጋር 0 ለ 0 ሲለያዩም ማክቶሚኔይ የተሰለፈው በተከላካይነት ነበር።

እስቲ አሁን ቆም ብለን እንይ። በዚያ ዓመት ይህ ሰው ለክለቡ ተከላካይ አማካይ፣ ለአገሩ የመሃል ተከላካይ ነው። ሁለገብ ብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ቦታው የሚለዋወጥ ተጫዋች የሚያጣው ነገር አለ። እግር ኳስ በድግግሞሽ የሚገኝ ዕውቀት ነው። አንድ አጥቂ ከመስመር የሚሻገር ኳስ መቼ እንደሚወድቅለት የሚያውቀው ያንኑ ሩጫ ሺህ ጊዜ ስለሮጠ ነው፤ የመሃል ተከላካይም መቼ ወደፊት መውጣት፣ መቼ መቆየት እንዳለበት የሚማረው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ዓመታት ሲቆይ ነው። ቦታው የሚቀያየር ሰው ግን እያንዳንዱን ሥራ ሳይጠግበው ይነሣል። በዝውውር ገበያ ላይም ይህ ሰው ለየትኛው ቦታ ይገዛል የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

ለውጡ በብሔራዊ ቡድኑ በኩል መጣ። በማርች 2023 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ሲጀመር ክላርክ ማክቶሚኔይን ከኋላ አንሥቶ ወደ አማካይ አመጣው፣ ወደፊት የመሄድ ፈቃድም ሰጠው። በመጀመሪያው ጨዋታ ቆጵሮስ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አስቆጠረ። ከሦስት ቀን በኋላ በግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ እስፔን መጣች። በ7ኛው ደቂቃ ሮበርትሰን በግራ ገብቶ ኳሱን ወደኋላ ሲቀንስ ማክቶሚኔይ ደርሶ መታው፤ ከእረፍት መልስ ቲርኒ በዚያው በግራ መስመር ረጅም ሩጫ ሮጦ ያሻገረው ኳስ ተመልሶ ሲወጣ አሁንም የደረሰው እርሱ ነው። 2 ለ 0። ሁለቱን ግቦች ደግሞ ደጋግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ የእስፔን ተከላካዮች ወደ ራሳቸው ግብ እየሮጡ ነው፣ ማክቶሚኔይ ደግሞ ከኋላቸው ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ እነርሱ የለቀቁት ቦታ ላይ ይቆማል። በዚያ የማጣሪያ ዘመቻ በድምሩ 7 ግብ አስቆጠረ። አማካይ ሆኖ።

ክለቡ ግን ይህን ዕውቀት ሙሉ በሙሉ አልተጠቀመበትም። አዲሱ የዩናይትድ አሠልጣኝ ኤሪክ ቴን ሃግ የተከላካይ አማካዩን ካሰሚሮን ካመጣ በኋላ ማክቶሚኔይ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሣ ሰው ሆነ። በኦክቶበር 2023 የተደረገው የብሬንትፎርድ ጨዋታ የዚያ ዘመን ምስል ነው። ዩናይትድ በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 እየተመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ማክቶሚኔይ ገባ። በባከነው ሰዓት በ3ኛው ደቂቃ ሳጥን ውስጥ የተጨናገፈ ኳስ አግኝቶ አገባ። በ7ኛው ደቂቃ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ከቆመ ኳስ አሻገረ፣ ሃሪ ማጓየር ኳሱን በግንባሩ ወደ መሃል መለሰው፣ ማክቶሚኔይም በግንባሩ ገጭቶ ጨረሰው። በዲሴምበር ቼልሲን 2 ለ 1 ሲያሸንፉም ሁለቱም ግቦች የእርሱ ናቸው። ዓመቱን በሁሉም ውድድሮች 10 ግብ አስቆጥሮ ጨረሰ። ሜይ 25 ቀን 2024 ዩናይትድ ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን ሲያነሣ ቴን ሃግ ቡድኑን ያሰለፈው ያለ እውነተኛ አጥቂ ነበር፤ ከፊት የቆሙት ብሩኖና ማክቶሚኔይ ነበሩ። በተከላካይነት የሚታወቅ ሰው በዋንጫ ፍጻሜ ላይ በአጥቂ ቦታ! ከሦስት ወር በኋላ ተሸጠ።

ለምን ተሸጠ የሚለውን ለመረዳት ከሜዳው ወጥተን የሒሳብ መዝገብ መክፈት ይኖርብናል። በዚያን ጊዜ የነበረው የፕሪሚየር ሊግ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ እንዳያስመዘግብ ይከለክል ነበር። ተጫዋች ሲገዛ ደግሞ ዋጋው በአንድ ጊዜ ወጪ ተደርጎ አይጻፍም፤ በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል። ለምሳሌ አንድ ክለብ ተጫዋችን በ50 ሚሊዮን ገዝቶ ለ5 ዓመት ቢያስፈርመው በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ወጪ ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገቡ ላይ የቀረው የተጫዋቹ ዋጋ 20 ሚሊዮን ነው። ያን ጊዜ በ25 ሚሊዮን ቢሸጠው ትርፉ 5 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ክለቡ ራሱ ያሳደገው ልጅ ግን አልተገዛምና በመዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ በ25 ሚሊዮን ቢሸጥ 25ቱም ሚሊዮን ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ደንቡ ባያስበውም ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን እንዲሸጡ ይገፋፋ ነበር። ዩናይትድ ማክቶሚኔይን በሸጠበት በዚያው ዕለት ኡራጓያዊውን አማካይ ማኑዌል ኡጋርቴን ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን አስፈረመ። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የክለቡን መለያ የለበሰ፣ ለዋናው ቡድን 255 ጊዜ የተሰለፈ ሰው በመጨረሻ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ንጹሕ ትርፍ መታየቱ ልብ ያሳዝናል፤ እኔ በበኩሌ የዚያ ደንብ ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ናፖሊ የገዛው ግን ምን እንደሚፈልግ አውቆ ነው። ክለቡ በ2023 ሻምፒዮን ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት 10ኛ የወጣ ሲሆን፣ አዲሱ አሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ የፈረሰውን ቡድን እንደገና ሊገነባ ነበር የመጣው። ጣሊያኖች «ሜዛላ» የሚሉት አንድ ሚና አላቸው፤ ቃሉ ግማሽ ክንፍ እንደማለት ነው። ሦስት አማካዮች ሲሰለፉ ከመሃለኛው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ሜዛላ ይባላሉ፤ ከመስመር ተጫዋቹና ከፊት አጥቂው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይሠራሉ። ኮንቴ ማክቶሚኔይን በግራ በኩል እዚህ ሚና ላይ አስቀመጠው፤ ዋናው ነገር ግን በዙሪያው ያቆማቸው ሰዎች ናቸው። ጀርባን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ መቀበልና ጨዋታን ማደራጀት የስሎቫኪያዊው ስታኒስላቭ ሎቦትካ ሥራ ሆነ፤ እርሱ በሌለ ጊዜ ደግሞ ከማክቶሚኔይ ጋር በአንድ መስኮት የመጣው የአገሩ ልጅ ቢሊ ጊልሞር ይተካዋል። በቀኝ በኩል ፍራንክ አንጊሳ ክብደቱን ይሸከማል። ከፊት ሮሜሉ ሉካኩ ሁለቱን የመሃል ተከላካዮች በጀርባው እየገፋ ያስራቸዋል። የግራ ክንፉ ተጫዋች የመስመር ተከላካዩን ወደ ውጪ ይስባል። በነዚህ ሁሉ መካከል በሚከፈተው ቀዳዳ ደግሞ ማክቶሚኔይ ፊቱን ወደ ግብ አዙሮ ይገባል።

በዩናይትድ ለዓመታት ያስቸገረው ሥራ እንግዲህ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለእርሱ የቀረለት የሚችለው ብቻ ነው፦ መሮጥ፣ በአየር ላይ መታገል፣ ኳስ ሲጠፋ ተመልሶ መከላከል፣ ከሁሉ በላይ ግን መድረስ። መድረስ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቀድሞ ሳጥን ውስጥ የቆመን ሰው ተከላካይ ያየዋል፣ ይይዘዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣን ሰው ግን ለማየት ፊቱን ከኳሱ ማዞር ይኖርበታል። አማካዩ ግማሽ ሰከንድ ቢቸኩል ይያዛል፣ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ኳሱ ያልፈዋል። በልጅነቱ በጉልበት የማይችላቸውን እኩዮቹን በጊዜ ምርጫ ማለፍ የነበረበት ሰው ይህን ማወቁ አያስገርምም።

ቁጥሩ ይመሰክራል። በሴሪ አ በመጀመሪያ ዓመቱ በ34 ጨዋታ 12 ግብ አስቆጠረ። ሻምፒዮናው በሚወሰንበት በኤፕሪል 2025 ደግሞ ኢምፖሊ ላይ ሁለት፣ ሞንዛ ላይ ጨዋታዋን የወሰነችውን አንዷን፣ ቶሪኖ ላይ ሁለት፣ በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች አምስት ግብ አገባ። የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ክቪቻ ክቫራትስኬሊያ በጃንዋሪ ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሄዶ፣ በክንፍ በኩል ቡድኑ ሳስቶ በነበረበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ሜይ 23 የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ኢንተር ሚላን በዚያው ሰዓት በኮሞ ሜዳ 2 ለ 0 እያሸነፈ ስለነበር ናፖሊ ካሊያሪን ማሸነፍ ግድ ሆነበት። በ42ኛው ደቂቃ ማቴዮ ፖሊታኖ ከቀኝ አሻገረ፤ ማክቶሚኔይ ኳሱ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ጋደም ብሎ በመቀስ ምት አስቆጠረ። ከእረፍት መልስ ሉካኩ ሁለተኛውን ጨመረ። ናፖሊ 82 ነጥብ፣ ኢንተር 81። ለክለቡ በታሪኩ አራተኛው የሊግ ዋንጫ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ የ1987ቱንና የ1990ውን፣ ያመጣው ስታዲየሙ በስሙ የሚጠራው ዲዬጎ ማራዶና ነበር። በዚያ ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ መወደድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በዚያው ዓመትም ለዓለም ምርጥ ተጫዋች በሚሰጠው የባሎን ዶር ሽልማት ከታጩት 30 ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

በ2025 በጋ ቤልጂየማዊው አማካይ ኬቪን ደ ብሩይነ ናፖሊን ሲቀላቀል የቦታው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ኮንቴ ደ ብሩይነን፣ ሎቦትካን፣ አንጊሳንና ማክቶሚኔይን አንድ ላይ ለማሰለፍ ሲል ማክቶሚኔይን ወደ ግራ መስመር አስጠጋው፤ ያን ጊዜ ጨዋታው እንደ ቀድሞው ሳይቀናው ቀረ። በቻምፒየንስ ሊግ ፒኤስቪ 6 ለ 2 ሲያሸንፋቸው የናፖሊን ሁለቱን ግቦች ያስቆጠረው እርሱ ቢሆንም ቡድኑ ሚዛኑን አጥቶ ነበር። ደ ብሩይነ በኦክቶበር ተጎድቶ ከሜዳ ሲርቅ ወደ ቀድሞ ሚናው ተመለሰ።

አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025፣ ስኮትላንድ በሃምፕደን ፓርክ ዴንማርክን አስተናገደች። ዴንማርክ አቻ ከወጣች ለዓለም ዋንጫ ታልፋለች፤ ስኮትላንድ ግን ማሸነፍ ነበረባት፣ እስከዚያ ቀን ድረስም ከ1998 ወዲህ በዓለም ዋንጫ ላይ አልታየችም ነበር። በ3ኛው ደቂቃ ወጣቱ ቤን ጋነን-ዶክ ከቀኝ መስመር አሻገረ። ኳሱ ከማክቶሚኔይ ጀርባ በኩል፣ ከፍ ብሎ መጣ። 4 ቁጥር መለያ የለበሰው ሰው ጀርባውን ለግቡ እንደሰጠ ከመሬት ተነሣ፣ ሰውነቱ በአየር ላይ ተዘረጋ፣ በቀኝ እግሩም ኳሱን ከራሱ በላይ መትቶ ከዴንማርኩ ግብ ጠባቂ ከካስፐር ሽማይክል መረብ አገናኘው። ዴንማርክ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በባከነው ሰዓት፣ ቲርኒ ከሳጥን ውጪ መትቶ 3 ለ 2 አደረገው፤ የመጨረሻዋን ደግሞ ኬኒ ማክሊን ከመሃል ሜዳ አካባቢ ከግብ ጠባቂው በላይ አሳልፎ አስገባ። ከአምስት ዓመት በፊት በቤልግሬድ ማክቶሚኔይ ከሦስቱ ተከላካዮች የቀኙ፣ ቲርኒ የግራው፣ ማክሊን የመጨረሻው መቺ ነበሩ።